በወይኑ ቦታ

«ጀውሃራ፣ እጅሽን አንሺ። ሲሊኮኑ ሳይደርቅ መስታወቱ ይውረድ» አሉ አቶ አስረስ፣ መሰላሉን በሁለት እጃቸው እንደያዙ።

ጀውሃራ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ባለቀለሙን መስታወት በግራ መዳፏ ከመስኮቱ ብረት ጋር አጣብቃ፣ በቀኟ የሲሊኮን ማጣበቂያውን እየጨመቀች የጎኑን ጠርዝ ትሞላለች። የታችኛው ይዟል። የላይኛው ካልተሞላ ግን ያ ሁሉ የሦስት ወር ሥራ ወደ ፊት ተደፍቶ መሬት ላይ ይበተናል።

ጠዋት በባጃጅ ስታመጣው በጆንያ ተጠቅልሎ ስለነበር አቶ አስረስ አላዩትም። በአማን ከተማ መውጫ ላይ ያለችውን ይህችን ትንሽ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሚያሠራው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ያዘዙትም ወይን ነበር። መስታወቱ ተሰቅሎ ብርሃን ሲገባበት ግን ፍሬው እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ አልወረደም። ቅርንጫፉን ዙሪያውን አቅፎ፣ በየቅጠሉ ሥር ተጠጋግቶ፣ ቀይ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ሚዛን አካባቢ ላደገ ሰው ይህ ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

«ቡና ነው የሠራሽው» አሉ አቶ አስረስ፣ ለማመን እየከበዳቸው።

ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። የሰጧት የደበዘዘ የሥዕል ፎቶ ኮፒ ነበር። ስልክ ደውላ የፍሬውን ቀለም ስትጠይቃቸው ሚኒባስ ውስጥ ሆነው «ቀይ፣ ቀይ» ብለው ዘጉት፤ ወይን የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። እሷ ሙስሊም ናት፤ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይ ምን እንደሚሳል ማን ነግሯት? ክብ ፍሬ፣ ቅጠል፣ ቅርንጫፍ። በዚህ አገር ሌላ ምን ሊሆን ነው?

አቶ አስረስም ይህን አልካዱም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለኮሚቴው ፎቶ ኮፒው ነው ያሳሳታት እንደሚሉላት፣ ጥፋቱን ራሳቸው እንደሚወስዱ ነገሯት። ከእሷ የሚጠበቀው ስህተት ነው ብላ ማውረድና እንደገና መሥራት ብቻ ነው። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ነው ይበልጥ ያስጨነቃት። ቢቆጡ ኖሮ መልስ መስጠቱ በቀለላት ነበር።

ምክንያቱም አርባ ፍሬ ቆርጣ እንደጨረሰች፣ ሎሚ የምትባለው የሱቅ ጎረቤቷ ፎቶ ኮፒውን አንስታ አይታ፣ ይህ እኮ ወይን ነው ብላ ሆዷን ይዛ ስቃባታለች። ያን ቀን ጀውሃራ መቁረጫውን አስቀምጣ ዋለች። በማግስቱ አርባ አንደኛውን ቆረጠች።

«ስህተት አይደለም፣ ጋሼ አስረስ» አለች ፊቷን ከመስታወቱ ሳታዞር። «ተሳስቼ ጀመርኩት። አውቄ ጨረስኩት።»

አንዴ ጀምራለችና አላቆመችም። እናቷ ሃያ ዓመት ሙሉ ቴፒ ውስጥ ቡና ስትለቅም ኖራለች፤ በዚያ ፍሬ ነው ያሳደገቻት። ፍሬው ግን በጆንያ ታጭቆ በመኪና ሲሄድ እንጂ በክብር ተሰቅሎ አይታ አታውቅም።

«እዚህ ከሚያስቀድሱት ውስጥ ወይን የለቀመ አንድ ሰው ይጥሩልኝ፤ አሁኑኑ አወርደዋለሁ።»

የአቶ አስረስ ፊት ቅጭም አለ። እንግዲያው እኔ አልይዝልሽም ብለው መሰላሉን ለቀቁና ወደ በሩ ሄዱ። ወለሉ ገና ሊሾ አልተደረገም፤ አንዱ የመሰላሉ እግር አፈሩ ውስጥ ሰመጠና ተንገጫገጨ። ጀውሃራ ፈራች፣ በጣም ፈራች። መዳፏን ግን ከመስታወቱ ላይ አላነሳችም።

አግዳሚ ወንበሮቹን ስትጠርግ የነበረችው እትዬ ማሚት መጥረጊያዋን አስደግፋ መጣች። እሷም መኸር ሲደርስ ቡና ለቃሚ ናት። መሰላሉን ጨብጣ ቀና አለችና ብዙ አየች፤ በዓይኗ እየቆጠረች ይመስላል።

«ያቺ ዳር ያለችው አረንጓዴዋ አልበሰለችም» አለች።

ጀውሃራ ቀይ መስታወት አልቆባት ያቺን አንዷን ከጠርሙስ ስባሪ እንደቆረጠቻት ተናገረች፤ ዛሬ ይቅርታ ያለችው ለዚህች ብቻ ነው።

«ምን ይቅርታ አለው? የበሰለውን እንለቅማለን፣ እሷን ደግሞ በሁለተኛው ዙር እንመለስባታለን» አለች እትዬ ማሚት፣ እግሯን ከሰመጠው የመሰላሉ እግር ጋር እያስደገፈች። «በይ ጨርሺ፣ ይዤሻለሁ።»

መሰላሉ መንገጫገጩን ተወ። አቶ አስረስ በሩ ላይ ፎቶ ኮፒውን አጥፈው እንደያዙ ቆመው ያያሉ። ጀውሃራ ተንጠራራችና የላይኛውን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላችው።