ዘይቱ እስኪፈስ

ወንዳፈረው የጋራዡን በር በእግሩ ገፍቶ ሲገባ ላንድክሩዘሯ ግቢው መሐል ቆማ በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙር፣ እየሠራች ነበር። በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በሌላው የትንሽ ልጁን ክንድ ይዟል። ሚስቱ እልፍነሽ ከኋላው ትከተላለች።

«አልቋል?» አለ።

መካኒኩ ማርቆስ እጁን በጨርቅ ጠረገ። አላለቀም። ጭስ አብዝታለችና ሞተሯ ይታጠብ ተብሎ መኪናዋን ጠዋት ያመጣት የወንዳፈረው ሾፌር ነበር። ማርቆስ የሞተር ማጠቢያውን ፈሳሽ አሮጌው ዘይት ላይ የጨመረው ገና አሁን ነው። ፈሳሹ የሞተሩን ቆሻሻ ሁሉ ያሟሟል፤ ዘይቱንም እንደ ውኃ ያቀጥነዋል። መኪናዋ ቆማ ጥቂት ከሠራች በኋላ ቆሻሻው ከነዘይቱ መፍሰስ አለበት። እስከዚያ አትነዳም፤ ተርቦ ያላት ደግሞ ጭራሽ አትሞከርም። ተርቦ፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ማራገቢያ፣ ሞተሩ ከሚዞረው በላይ ይዞራል። በቀጭን ዘይት ዳገት ከወጣ ዘንጉ ነዶ ይጣበቃል።

ማርቆስ ሌላም ነገር ያውቃል። ከሁለት ዓመት በፊት ልጁን አበራን ከወፍጮ ቤት ደጃፍ አፍሶ ጦር ሜዳ የላከው ይኸው ወንዳፈረው ነው። ከዚያ ወዲህ አበራ ይሙት ይኑር የሰማ የለም።

«አልቋል፣ ጓድ ወንዳፈረው» አለ።

ወንዳፈረው ሻንጣውን ወርውሮ መሪው ፊት ተቀመጠ። አዲስ አበባ ተይዛለች የሚለው ወሬ ሆሳዕና ከተማ ከገባ ወዲህ ሾፌሩ የት እንደደረሰ አልታወቀም። ጓድ ሲባል የኖረ ሁሉ ወደ ሞያሌ ማምለጫ ይፈልጋል። መንገዱ በዶዮገና አድርጎ ወደ አዲሎ ይወርዳል። በዚያ ሁሉ አገር ልጅ ያልታፈሰበት ቀበሌ የለም። ይህች መኪና ዳገት ላይ ብትቆም ምን እንደሚከተል ለማርቆስ ነጋሪ አያሻውም።

እልፍነሽ ልጅቷን አንስታ ስታስገባ አንድ ጫማዋ ወልቆ ወደቀ። ማርቆስ አንስቶ አቀበላት።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» አለችው ልጅቷ፣ እንደ ትልቅ ሰው።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ማርቆስ ሄዶ በሩ መሐል ቆመ። እዚያ መድረሱን ያወቀው የሞተሩ ሙቀት ሆዱን ሲነካው ነው።

«መንገድ ልቀቅ!»

«አላለቀም።»

«አሁን አልቋል አላልክም እንዴ?»

«ዋሸሁ።»

ወንዳፈረው ሽጉጡን አወጣ። ማርቆስ ሽጉጡን አየው፤ ከዚያ ልብስ እንደሚያጣጥፍ ሰው በዝግታ የጨመረውን፣ ያልፈሰሰውን፣ የሚሆነውን ነገረው።

«አሻጥር ነው!» አለ ወንዳፈረው። «ልታዘገየኝ ነው። ማን ይምጣ ብለህ ነው የምትጠብቀው?»

«ብንሄድስ ምን ይሆናል?» አለች እልፍነሽ ከኋላ።

«ዶዮገና ዳገት ላይ ትቆማለች፣ እትዬ።»

እልፍነሽ የባሏን ማጅራት ጥቂት አየችው። ከዚያ በሩን ከፍታ ወረደች፤ ልጅቷን ይዛ ግድግዳው ሥር ከተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

«ያፍስሰው» አለች።

«ጊዜ የለም፣ አንቺ ሴት!»

«ላንተ አይኖርም። እኔ ልጄን ይዤ ዶዮገና ላይ ከመኪና አልወርድም። ያፍስሰው።»

ወንዳፈረው ሞተሩን አጠፋ።

ማርቆስ ከመኪናዋ ሥር ገብቶ የማፍሰሻውን ብሎን ፈታ። ዘይቱ እንደ ጥቁር ውኃ ፈጥኖ ወረደ፤ ክንዱን ለበለበው። ከተኛበት የሚታየው የወንዳፈረው ጫማ ብቻ ነበር፤ ወደ በሩ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ዘይቱ ቀጥኖ ክር ሲያክል፣ ከክርም ወደ ጠብታ ሲወርድ፣ ማርቆስ ተናገረ።

«አበራ የት ነው ያለው?»

ጫማው ቆመ። «የቱ አበራ?»

«ልጄ። ከወፍጮ ቤቱ የወሰዱት።»

ወንዳፈረው ወደ መኪናዋ ቀረበ። ከዚያ እንደመጎንበስ ብሎ፣ ማርቆስ ከአፉ ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ፣ «አላውቅም» አለ። «እኔ ሰብስቤ አስረከብኩ። ከዚያ ወዲያ የት እንዳደረሷቸው የነገረኝ የለም።»

ማርቆስ ብሎኑን በእጁ ይዞ ቀረ። ይህን ያህል ጊዜ ይህ ሰው እያወቀ የደበቀው ይመስለው ነበር። ማታ ማታ ሚስቱን «እሱ ያውቃል፣ አንድ ቀን ይናገራል» ይላት ነበር። ለካ ስለ አበራ የሚጠየቅ ሰው ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ብሎኑን አጠበቀ። ፊልትሮውን ለወጠ፣ አዲስ ዘይት ሞላ። ዘይቱ ተርቦው ድረስ እንዲዳረስ ሞተሩን ሳያስነሳ ደጋግሞ አዞረው። ከዚያ አስነሳውና ጆሮውን ጥሎ አዳመጠ።

«ሲቆሙ ወዲያው አያጥፏት» አለ። «በሚኒሞ ትንሽ ትቆይ። ተርቦው ሲግል ዘይት ካጣ ይቃጠላል።»

ወንዳፈረው ራሱን ነቀነቀ። እልፍነሽ ስታልፍ የማርቆስን ክንድ፣ የተቃጠለውን፣ በመዳፏ ነካ አድርጋ ገባች። መኪናዋ ወጥታ ወደ ዶዮገና ታጠፈች። ጭስ አልነበራትም።

ማርቆስ በሩን ሊዘጋ ሲል ከሰሜን በሚመጣው መንገድ የተበተነው ጦር ወታደሮች ሲገቡ አየ። መሣሪያ የላቸውም። አንዳንዱ ቡትስ ጫማውን በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ያነክሳል።

«አባባ፣ ውኃ ይኖርዎታል?» አለ የፊተኛው።

ማርቆስ በጀሪካን ውኃ አምጥቶ በጣሳ ቀዳለት። ወታደሩ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲጠጣ ፊቱን አየው፤ አበራ አይደለም። ጣሳውን ተቀብሎ ለሚቀጥለው ሞላ፤ የሱንም ፊት አየው። ከመታጠፊያው ወዲያ ገና ብዙ እየመጡ ነበር።