ዛሬ እናዳምጣለን

ዳኛው ቢሾፍቱ ሎጅ ውስጥ ስለ ሕፃናት የአእምሮ ጤና ሰልጥነው ተመለሱ። ሰርተፍኬታቸውንም በፍሬም አስገብተው ከወንበራቸው በላይ ሰቀሉት። በማግስቱ በስርቆት የተከሰሰች ልጅ ጉዳይ ሲጠራ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ እግር ሴት ገብታ ቆመች።

«አይዞሽ ልጄ፤ ድሮ እንቆጣ ነበር፣ ዛሬ እናዳምጣለን» አሉና ስለ ማዳመጥ እስከ ምሳ ሰዓት አወሩ። እጇን ባወጣች ቁጥር «አታቋርጪኝ! የሕፃን ልብ ስስ ነው» ይሏታል።

ሲደክማቸው «በይ ተናገሪ» አሏት።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ የልጅቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። ተከሳሿ በካቴና ታስራ ደጅ ላይ እያንቀጠቀጣት ነው። ትግባ ልል ነበር።»

ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ።

«ሳናዳምጣትማ አንፈርድም» አሉና መዝገቡን ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ ቀጠሩት። ልጅቷ ወደ ማረፊያ ቤት ተመለሰች።