የተሰረዘው የኦሪት ቁጥር

ኦሪት የእናቷን ሺቭዓ፣ ሰባቱን የሐዘን ቀን፣ ተቀምጣ ወደ ሥራ በተመለሰች ማግስት አለቃዋ አቪጋይል የሰጠቻት ሥራ፣ ወይ አለመታደል፣ የእናቷ ስም ያለበት ሆኖ ተገኘ።

መሥሪያ ቤቱ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች አንገት ላይ የሚንጠለጠል የድረሱልኝ ቁልፍ ያድላል። ቁልፉ ሲጫን ለማን እንደሚደወል የሚያዘው የፕሮግራሙ ቅንብር ነው። ኦሪት ያንን ዝብርቅርቅ ጽሑፍ ለምርመራ እንዲመች ወደ ኤክሴል ሰንጠረዥ ትገለብጣለች፤ ለአንድ ቤት አንድ መስመር።

ነቬ ኢታማር ከሚባለው ሰፈር ቤቶች ስትደርስ እጇ ቆመ። ማናለሽ፣ እናቷ። መጀመሪያ የሚደወለው ለጎረቤቷ ለአባ ጥሩነህ፣ ቀጥሎ ለአምቡላንስ። የኦሪት ቁጥር ተሰርዟል። ከጎኑ የሰረዘው ሰው ስም ሰፍሯል፤ የሥራ ባልደረባዋ ጋዲ ነው።

ለካ እሱ ኖሯል! ያን ምሽት አባ ጥሩነህ እናቷን ይዘው ሆስፒታል ሲሮጡ፣ እሷ ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር ካለው ቤቷ ቁጭ ብላ ቴሌቪዥን ታይ ነበር። ንጋት ላይ ሽማግሌዎች በሯን አንኳኩ። አስቀምጠው፣ ግራና ቀኝ ይዘው መርዶውን ነገሯት። የእናቷን እጅ ሳትይዝ ቀረች፤ ይኸው እያንገበገባት ነው።

ጋዲ ለቅሶ ሲደርስም ዓይኗን ሲሸሽ ነበር። ጠረጴዛው ድረስ ሄዳ ጮኸችበት።

«ምን አደረግንህ? እማዬ እንደ ልጇ ነበር የምታይህ!»

ጋዲ አንገቱን ደፋ።

«የአባዬን ሞት እንኳ ታኻና ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ደውለው ነግረውኛል። እዚያው አስፋልቱ ላይ ወደቅኩ፤ የሚያነሳኝም አልነበረ። ግን ወዲያው ሰማሁ! አንተ እሱን እንኳ ነፈግከኝ።»

«ጥፋቱ የጋዲ ነው በይና ሰንጠረዡን ላኪው» አለ ጋዲ ቀስ ብሎ።

ላከችው። የእናቷን መስመር ቀይ ቀብታ ለአቪጋይል ላከችው። ከሥራ ይባረር፤ ደግ አደረግኩ አለች በልቧ።

ከሰዓት በኋላ አቪጋይል ጠራቻት። ደንበኞች ደውለው የሚጠይቁት ሁሉ ስለሚቀዳ፣ ጋዲን ከማሰናበቷ በፊት ቁጥሩ የተሰረዘበትን ቀን የድምፅ ቅጂ አስፈልጋ አግኝታለች።

«አማርኛ ነው፤ ምን እንደሚል ተርጉሚልኝ» ብላ ከፈተችው።

የማናለሽ ድምፅ ነበር፦ «ጋዲ ልጄ፣ የኦሪትን ቁጥር ከዚህ አውጣልኝ፤ እንዳትነግራትም ማልልኝ። የአባቷን መርዶ ብቻዋን ቆማ በስልክ ነው የሰማች፤ የኔን እንኳ ሰው ደግፏት ትስማ።»