በኤልዳድ አዳራሽ የሚዘፍን

ኤልዳድ በእስራኤል አገር፣ በአፉላ ከተማ ኢንዱስትሪ ቀጠና፣ ከጎማ ጥገናው ጀርባ፣ ትልቅ የሰርግ አዳራሽ አለው። አዳራሹ ያምራል፤ ባለቤቱ ግን ስሙ ክፉ ነው። ባለፈው በጋ የእኛን የኢትዮጵያውያኑን ልጆች «ዛሬ ዝግ ግብዣ ነው» ብሎ ከበር መለሳቸው። ልጆቹ በመስተዋቱ ሲያዩ ሌላው ሰው ሁሉ ሳይጠራ እየገባ ነበር።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ተሰብስበው ማሉ። ቃሉን የተናገረው የሽማግሌዎቹ አለቃ ካሳው ነው።

«እዚያ ቤት የዘፈነ ሰው፣ ደጁን አንረግጥም። በሰርጉም በለቅሶውም አንቆምለትም!»

ሁሉም አሜን አሉ። የሰርጋችን ዘፋኝ ለገሰም ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ እንዳስደገፈ አሜን ብሏል።

ዓመት ሳይሞላው ግን ይኸው ለገሰ በኤልዳድ አዳራሽ ሊዘፍን ተስማማ ተባለ። ከተማው ተንጫጫ። «ሸጠን» ያሉ አሉ፤ ገበያ ላይ ሰላምታ የነሱትም አሉ። ምክንያቱን የጠየቀው ግን አልነበረም።

ምክንያቱ ሰይፉ ነው። ለገሰ በፈረንጆች 1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሲወጣ ታናሽ ወንድሙን «በሚቀጥለው ትመጣለህ» ብሎት ነበር። ያ የሚቀጥለው አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ሰይፉ ጎንደር በኪራይ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ወደ እስራኤል የመግቢያ ፋይሉ አንድ መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። የኤልዳድ ሚስት ወንድም ደግሞ የሚሠራው እዚያው መሥሪያ ቤት ነው።

«አንተ ከገባህ ሙሽሮቻችሁም ተከትለውህ ይገባሉ» አለው ኤልዳድ። «አንድ ሰርግ ተጫወትልኝ፤ የወንድምህን ፋይል ከሁሉ በላይ አስደርገዋለሁ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ለገሰ እሺ አለ።

ሚስቱ ታንጉ እንኳ አልከለከለችውም። እሑድ ዕለት ነጭ ሸሚዙን እየተኮሰች «ለሰይፉ ከሆነ ሲኦልም ገብተህ ዝፈን» ብላው ነበር።

ረቡዕ ግን ጠባይዋ ተለወጠ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለገሰ ከፋብሪካ ሲመለስ፣ የተተኮሰውን ሸሚዝ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፎ አገኘው።

«ምን ማድረግሽ ነው? ሰርጉ እኮ ዛሬ ነው!»

«ቆሽሾ ነው» አለች፤ ፊቷን አላዞረችም።

«አንቺንም ካሳው ሰበከሽ?»

«ግባና እህል ቅመስ። ከጧት ጀምሮ ባዶ ሆድህን ነህ።»

ቀመሰ፤ አልጣመውም። ተንቀሳቃሽ ስልኩን ቢፈልግ አጣው። ትናንት በእሱ ጎንደር ደውሎ የምሥራቹን ለሰይፉ ሊነግር ነበር፤ ስልኩን ያነሳው ጎረቤት «ሰይፉ ወጣ ብሏል» ብሎ ቶሎ ዘጋበት። ዛሬ ደግሞ ስልኩም የለም። ሁሉም ነገር የተማከረበት መሰለው።

በሩ ተከፈተና ልጁ ነታ ከነወታደር ልብሷ ገባች።

«የምትመጪው ዓርብ አልነበር?»

«ሲታም፣ አባ፤ እንዲሁ ለቀቁኝ» አለችና አቀፈችው። ቶሎ አለቀቀችውም። ለገሰን አናደደው፤ እሷንም እንዲያባብሉት የላኳት መሰለው።

የቤቱ ስልክ ጮኸ። ኤልዳድ ነበር።

«ለገሰ፣ ዛሬ አትምጣ። በዲስክ ሙዚቃ እንወጣዋለን።»

«አስፈራሩህ?»

«ማንም አላስፈራራኝም። ካሳው መጥቶ አነጋገረኝ፤ ያ ብቻ ነው።»

«የወንድሜ ፋይልስ?»

ኤልዳድ «ስሊኻ፣ ይቅርታ። ቤትህ ሁን» ብሎ ዘጋው።

ለገሰ ስልኩን አስቀመጠ። ካሳው ሲረግመው የኖረውን አዳራሽ ደጃፍ የረገጠው የሰይፉን መንገድ ሊዘጋ ነው! ያንን ሽማግሌ አባቴ ይለው ነበር። የትናንቱን ሸሚዝ ለበሰ፣ የማሲንቆውን ጭራ ሙጫ ቀባና ተነሳ።

በሩን ሲከፍት ካሳው ቆሞ አገኘው። ከኋላው ሽማግሌዎቹ፣ ከእነሱ ኋላ ከነታንያ ከተማ የመጡ የለገሰ የአክስት ልጆች፣ ደረጃው ላይ ደግሞ ነጠላቸውን በእጃቸው የያዙ ሴቶች። ለአንድ ማሲንቆ ይህ ሁሉ ሰው!

«አያ ካሳው፣ ደጁን አንረግጥም ብለው የማሉት እርስዎ አልነበሩም?»

«ብዬ ነበር።»

«እንግዲያው ይለፉኝ። ወንድሜን ላመጣ ነው። እርስዎ ወንድም የለዎትም?»

ካሳው በለገሰ ትከሻ ላይ አሻግሮ ታንጉን «እህል ቀምሷል?» ሲል ጠየቃት። እሷም በራሷ አዎን አለችው።

«እኔን ያነጋግሩኝ እንጂ!» አለ ለገሰ። «ከፈለጉ ይርገሙኝ። በሰርጌም በለቅሶዬም አይቁሙ። አንድ ሰው አይምጣልኝ። ሰይፉ ብቻ ይምጣ፤ እሱ ይበቃኛል።»

ደረጃው ላይ አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ነገ ዓርብ ነው፣ ሰንበት ይገባል» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። «ዛሬውኑ ይለቅ።»

ካሳው ማሲንቆውን ከለገሰ እጅ ቀስ አድርጎ ወሰደና ለነታ ሰጣት።

«ተቀመጥ፣ ልጄ።»

«አልቀመጥም! ቢያስይዙኝም እሄዳለሁ!»

የአክስት ልጆቹ ግራና ቀኝ ገብተው ክንዱን ያዙት። ለገሰ ሊያመልጣቸው ታገለ።

«በለቅሶህ አንቆምም ያልነውን እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለ ካሳው፤ «ሰይፉ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው።»