ያልተሣለው ቀስት

መብራት ሄደና ወፍጮው ቆመ። ባለወፍጮው ኦቦ ገለታ እንደ ልማዳቸው ማብሪያውን ሳያጠፉ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ወፍጮው አፍ ውስጥ ከተው የተወተፈውን በቆሎ መጎርጎር ጀመሩ።

«ኦቦ፣ እጅዎን ያውጡ!» አለች የወፍጮውን መቆጣጠሪያ ልታስተካክል የመጣችው ናኦሚ ከላፕቶፗ ቀና ብላ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የነቀምቴን መብራት አታውቂውም? እስኪመጣ ተኝተን እንነሳለን።»

ሞተሩን የሚያዘው ፕሮግራም ከፋብሪካው ኮምፓይል ተደርጎ፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ ተቀይሮ የመጣ ስለሆነ ውስጡ አይነካም፤ መብራት ካገኘ ሞተሩን ያስነሳል። እሷም ውስጡን አልነካችም። «ቆሟል»፣ «ይጠብቃል»፣ «ይፈጫል» የሚሉ የወፍጮውን ሁኔታ የሚያሳዩ ክቦች ላፕቶፗ ላይ ሥላ መሸጋገሪያቸውን በቀስት ከደነገገች በኋላ፣ ያለ ሥዕሉ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ፕሮግራሙን ከሥዕሉ ጋር አሰረችው። ከ«ቆሟል» በቀጥታ ወደ «ይፈጫል» የሚወስድ ቀስት ግን የለም፤ መብራት ሲመጣ ወፍጮው «ይጠብቃል» ላይ ይቆያል፣ የሚፈጨውም ሰው ማስነሻ ቁልፉን ሲጫን ብቻ ነው። ኦቦ ገለታ ያንን ቀስት ጨምሪ ብለው ጠዋት ሙሉ ቢጨቀጭቋትም እምቢ ብላለች።

አምፖሉ ቦግ አለ። ሰፈሩ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ወፍጮው ግን ዝም አለ።

«ይኸው፣ አበላሸሽው!» ብለው ተቆጡ ኦቦ ገለታ። «ድሮ ራሱ ይነሳ ነበር!»

ናኦሚ ወፍጮው አፍ ውስጥ ያለውን ክርናቸውን ትኩር ብላ አየች። ዓይኗን ተከትለው እሳቸውም አዩ። እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡና ዱቄት የለበሱ ጣቶቻቸውን አጥፈው ዘረጉ።

«የምጫነው የቱን ነው?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።