ተዪው

በከር በፋሻ የተጠቀለለ ግራ እግሩን ብዙ ሳይረግጥበት፣ የውሃ ጠርሙስ ይዞ ሜክሲኮ አደባባይ ዳር ላይ ሚስቱን ይጠብቅ ነበር። ይህን የአሥር ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ ሳይቆም ለመጨረስ ሲል ሰባት ወር ሙሉ ጎህ ሲቀድ ከልደታ ማርያም እስከዚህ የተመላለሰው እሱ ነበር፤ ሚስቱ ነስሪን ትከተለው የነበረው ውሻ እንዳይነክሰው ዱላ ይዛ ነው። ሩጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተጎዳና ሐኪሙ ከለከለው። ዱላ ያዧ ግን ይኸው ትሮጣለች።

ከሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ብቅ ስትል ፊቷ በላብ ያበራ ነበር። እንደዚያ አምሮባት አይቶ አያውቅም፤ አንጀቱ አረረ።

«በኩሬ፣ አለቀልኝ» አለች ጠርሙሱን ተቀብላ እያለከለከች። «እግሬ እምቢ አለ። ልተወው እንዴ?»

ለካስ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቅ የነበረው ይህንኑ ቃል ኖሯል።

«ተዪው» አላት ፈጥኖ። «ምን አስጨነቀሽ? ቤታችን እንደሆነ ቅርብ ነው።»

ነስሪን ጠርሙሱን ከአፏ አውርዳ ትኩር ብላ አየችው። «ቀንተህ ነው?»

ሊክድ አፉን ከፈተ፤ ከዓይኗ ግን ማምለጫ አጣ።

«አዎ» አላት። «እንቅልፍ እስካጣ ድረስ ቀናሁ።»

ሳቋ መጣ። የተረፈውን ውሃ አናቷ ላይ አፍስሳ፣ ባዶውን ጠርሙስ እጁ ላይ ጥላለት ሕዝቡ ውስጥ ገባች። በከር ቅናቱ ገና ሳይበርድለት፣ በደህና እግሩ ተንጠራርቶ ጮኸ፦

«ትከሻሽን አትወጥሪው፣ ነስሪን! ትከሻሽን!»