ሁለት ቋጠሮ የማታ

አሮጊቷ ከኮሪደሩ ተጠርተው ሲገቡ፣ የራሳቸው ሁለት የመድኃኒት ጠርሙሶች በፈታኙ ጠረጴዛ ላይ ቆመዋል። ለፋርማሲ ዶክትሬት ትምህርት ያመለከተችው የልጅ ልጃቸው፣ «ማንበብ የማይችል በሽተኛ መድኃኒቱን በምን ይለያል?» ተብላ፣ ይዛቸው በመጣችው ጠርሙሶች አንገት ላይ የታሰረውን ክር አሳይታ ነበር፤ አንድ ቋጠሮ የጠዋት፣ ሁለት ቋጠሮ የማታ።

«እማማ፣ ይህን ማን አስተማረዎት?» አለ ፈታኙ።

«ማን ያስተምረኛል? ፊደል ባልቆጥር ቋጠሮ መቁጠር ያቅተኛል?»

ፈታኙ ዓይኑን ጨፍኖ ክሩን ዳሰሰ። ከዚያ የራሱን ጠርሙሶች ከኪሱ አወጣ። «እኔም ፋርማሲ እያስተማርኩ የጠዋቱንና የማታውን አምታታለሁ፤ ይቋጥሩልኝ።»

«እኔ አርጅቻለሁ፤ እሷን አስገባትና ትቋጥርልህ» አሉት ኮራ ብለው።

ፈታኙ እየሳቀ ማመልከቻው ላይ ሲፈርም፣ ልጅቷ ከአያቷ ሻርፕ ጫፍ ክር እየመዘዘች ነበር።